የማኅበር አማካሪ ቁልፍ ያዥ አይደለም

«ንግድ ምክር ቤት» የሚለው የቤታችን ስም ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዟል፤ አንዱ ንግድ ነው፣ ሁለተኛው ምክር ነው። ስለ ንግዱ በእነዚህ ገጾች በየሳምንቱ ብዙ ይጻፋል። የቡናው ዋጋ፣ የጉምሩኩ ሥርዓት፣ የጭነት መኪናው ኪራይና የውጭ ምንዛሪው ነገር ሳይነሣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ስለ ምክሩ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ምክር ሁሉም ሰው ያለ ትምህርት የሚያውቀው፣ ካፍ እንደ ወጣ ሥራው የሚያልቅ ነገር መስሎ ስለሚታየን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ክፉ ምክር ንብረት ያጠፋል፤ ደግ ምክርም ቢሆን በክፉ አያያዝ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ የተመከረውን ሰው ደካማ አድርጎ ያስቀረዋል።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉት ከተሞች አንድ ሰው በንግድ ሥራው ጥቂት ስም ያወጣ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሳይቆይ ደጁ ይንኳኳል። የሰፈሩ እድር ሒሳቡ ተዘበራርቆበት ይመጣል። ሥራ ለመፍጠር የተደራጁ ወጣቶች «ምከሩን» ብለው ይመጣሉ። የዓሣ አስጋሪዎች፣ የንብ አርቢዎች፣ የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ከዩኒቨርሲቲውና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ለክበባቸው ወይም ለቁጠባ ማኅበራቸው የበላይ ጠባቂና አማካሪ እንዲሆንላቸው ይለምኑታል። ነጋዴውም ልመናውን እንደ ክብር ይቀበላል፤ በእርግጥም ክብር ነው። ይሁን እንጂ «አማካሪ ሆኜ የምሠራው ምንድን ነው? የማልሠራውስ?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ራሱ ሳይጠይቅ ከገቡት አንዱ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 14 ወጣቶች ማር ከገበሬው እየገዙ፣ እያጠሩና በብርጭቆ ዕቃ እያሸጉ ለመሸጥ ተደራጅተው አማካሪያቸው እንድሆን ጠየቁኝ። እሺ አልኋቸው። ልጆቹ ትጉሆች ነበሩ፤ ነገር ግን ገንዘብ ይዘው የማያውቁ ስለ ነበሩ፣ እንዳይጠፋባቸው ብዬ የካዝናቸውን ቁልፍ እኔ ያዝሁ። የአዲስ አበባውን ገዢ የማውቀው እኔ ስለ ነበርሁ፣ ዋጋውን የምነጋገረው እኔ ሆንሁ። በስብሰባቸው ላይ ወንበር ሲያቀርቡልኝ ከሰብሳቢው ጎን ተቀመጥሁ፤ ሐሳብ ሲነሣ ቀድሜ ተናገርሁ፤ እኔ ከተናገርሁ በኋላም ሌላ የሚናገር አልነበረም። ሥራው ለሁለት ዓመት በደኅና ሄደ። እኔም በየሰርጉና በየልቅሶው «የእኔ ልጆች» እያልሁ አወራላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ታምሜ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄድሁና ሁለት ወር ቆየሁ። ስመለስ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። የቤት ኪራዩ አልተከፈለም፤ ገዢው ጠብቆ ጠብቆ ወደ ሌላ አቅራቢ ሄዷል፤ የተገዛው ማር በበርሜል እንዳለ ተቀምጧል። ከመካከላቸው ጸሐፊ የነበረችውን ልጅ ጠርቼ «ልጄ፣ ለምን ዝም አላችሁ? ቁልፍ ሰባሪ ጠርታችሁ ካዝናውን ብታስከፍቱ፣ ለገዢው ብትደውሉለት ምን ነበረበት?» አልኋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ እንጠይቅዎታለን ብለን ነው የቆየነው» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሌባ አልሰረቃቸውም፤ ገበያ አልጎዳቸውም፤ እርስ በርሳቸውም አልተጣሉም። ማኅበሩን ያፈረሰው የእኔ ደግነት ነበረ። ለሁለት ዓመት ያህል የእነርሱን ሥራ ስሠራላቸው፣ ሥራውን እንዳይለምዱት አድርጌ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ለንግድ ጓደኞቼ ለማስረዳት የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው። የማኅበር አማካሪ ዋጋው የሚለካው እርሱ ባለበት ቀን በሚሠራው ሥራ ሳይሆን፣ እርሱ በሌለበት ቀን ማኅበሩ በሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በየሱቃችን የምንጥለውን እቁብ እንመልከት። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ እንዳይቀር ዋስ ይጠራል። ዳኛው ቢታመም ሌላ ዳኛ ይመረጣል፤ ጸሐፊው ቢሄድ መዝገቡ ለሚተካው ይሰጣል። ይህን ሥርዓት ከላይ ሆኖ የሚጠብቅለት የመንግሥት ሹም ወይም የውጭ ሊቅ የለውም። ቢሆንም ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ሱቃችንን የከፈትነው በእቁብ ገንዘብ ነው። እድሩም እንዲሁ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ በአባላቱ መዋጮ ተገዝቶ፣ በአባላቱ ተቈጥሮ፣ በአባላቱ ይጠበቃል። እነዚህ ማኅበራት የቆሙት ብልህ አማካሪ ስላገኙ ሳይሆን፣ ሕጉን ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ስለሚያስከብሩት ነው። አማካሪ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለውን ጠባይ በአዲሱ ማኅበር ውስጥ ለማሳደግ እንጂ በእርሱ ፈንታ ለመቆም አይደለም።

አማካሪ አዛዥ በሆነ ጊዜ የሚደርሰውን ነገር አገራችን በትልቁ አይታዋለች። በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 በ1958 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በደርግ ዘመን በ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138 ተተካ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያም የገበሬዎች አምራች ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች እንዲያድጉ ታቀደ። ማኅበራቱ በስም የአባላት ነበሩ። በተግባር ግን ምን እንደሚዘራ፣ ምርቱ ለማን በምን ዋጋ እንደሚሸጥ፣ ማን ሊቀ መንበር እንደሚሆን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ለማስተባበርና ለመምከር ተብሎ የተላከው ሰው ነበረ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ታውጆ ገበሬው ከፈለገ መውጣት እንደሚችል በተነገረው ጊዜ፣ በጎጃምም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው መሬቱንና በሬውን ተከፋፍሎ ወደየግሉ ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ። ዘራፊውም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ አልነበረም፤ የማኅበሩ አባል ራሱ ነበረ። ሰው የራሱን ንብረት አይዘርፍም፤ ከዘረፈው የራሱ ነው ብሎ አላመነም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ይህን ስሕተት ለማረም የታሰቡ ናቸው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃደኝነት የሚቋቋምና አባላቱ በእኩል ድምፅ የሚያስተዳድሩት መሆኑን አጸና። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 985ም በዚሁ መሠረት ላይ ቆሟል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሖች መካከል የአባላት ዲሞክራሲያዊ አስተዳደር፣ ነፃነትና ራስን ችሎ መቆም፣ እንዲሁም ትምህርትና ሥልጠና ይገኙባቸዋል። ሕግ ግን ወረቀት ነው። ዛሬም ቢሆን አዛዡ ከመንግሥት ቤት ሳይሆን ከነጋዴው ቤት የመጣ እንደ ሆነ፣ ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሐይቃችን እንመለስ። እዚህ የምናየው ጉዳይ የክፋት አይደለም፤ በቅን ልብ የተደረገ እርዳታ ነው፤ ስለዚህም ትምህርቱ ይበልጣል። በጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግረው ሰው ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1986 ግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በመተባበር የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ጀመሩ። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፤ ዓሣው ከባሕር ዳር አልፎ ሰፊ ገበያ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን የነበረው ዓመታዊ ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ነጋዴ ማንኛውም ሰው ቢሆን «ሥራው ተሳክቷል» ብሎ ይፈርም ነበር።

ነገር ግን በሐይቁ ላይ ለብዙ ጊዜ የሠሩ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር ለኩ። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ አብዛኛው ዝርያው ከጣና በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው የዓሣ ዘር፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አገኙ። ምክንያቱም ለሐይቁ ሰው እንግዳ አይደለም። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹም ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቶ ለእንዲህ ያለው ነገር ሥርዓት እንዲደረግለት ታዘዘ፤ ቢሆንም ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ጠባቂውም ጥቂት ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሞተር ሊሰጥ ይችላል፤ መረብ ሊሰጥ ይችላል፤ ገበያም ሊፈለግ ይችላል። «ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በወንዙ አፍ ላይ መረብ አልጥልም» የሚለውን ውሳኔ ግን ማንም ለማንም ሊሰጠው አይችልም። ይህን ውሳኔ አስጋሪው ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ፣ ተከራክሮና ተማምሎ ራሱ ማውጣት አለበት። የማኅበሩ አባል ያልሆነው አስጋሪም የስምምነቱ ተካፋይ ካልሆነ፣ አባሉ የተወውን እርሱ ይወስደዋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ማኅበር ጥሩ አማካሪ ማለት ምርቱን በኪሎ እየመዘነ የሚያመሰግን ብቻ አይደለም፤ ምርቱ በበዛበት ዓመት መካከል ተነሥቶ «በመጪው ዓመትስ? ልጆቻችሁስ ምን ያሰግራሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላም መልሱን ሳይናገር ዝም ብሎ የሚጠብቅ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአስጋሪው ብቻ የሚቀር አይደለም። በባሕር ዳር ዓሣ የሚያቀርበው ሆቴል፣ የደረቀውን ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲልክ የኖረው ነጋዴ፣ መረብ አስመጪውና በረዶ ሻጩ ሁሉ እንጀራቸው በዚያው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማኅበራት በራሳቸው ሊወስኑ ካልቻሉ፣ ከእነርሱ ጋር የሚነግደው ነጋዴም አብሮ ይደክማል።

ከውጭ አገር ታሪክም አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1844 በሰሜን እንግሊዝ በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችም ያሉባቸው ድኻ ሠራተኞች፣ ከየደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት አጠራቅመው 28 ፓውንድ በሚያህል ገንዘብ አንድ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡትም ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበረ። ከእነርሱ በፊት በዚያው ከተማ የተሞከረ ሌላ የማኅበር ሱቅ በዱቤ ብዛት ተዘግቶ ስለ ነበረ፣ እነዚህ ያለ ጥሬ ገንዘብ ላለመሸጥ ወሰኑ። ትርፉም ለእያንዳንዱ አባል በገዛው ልክ እንዲከፋፈል፣ ድምፅም ለእያንዳንዱ አባል እኩል እንዲሆን ደነገጉ። በዚያ ዘመን ስለ ኅብረት ሥራ የሚጽፉና የሚሰብኩ ታላላቅ ሊቃውንት አልጠፉም ነበር። ሱቁን ያቆመው ግን የሊቃውንቱ ስብከት ብቻ አይደለም፤ ሠራተኞቹ ካለፈው ውድቀት ተምረው ሕጉን በገዛ እጃቸው መጻፋቸው ነው። ከሱቃችን ግድግዳ ላይ «ዱቤ የለም» ብለን የምንጽፍ ሁሉ የእነዚህን ሰዎች ብልኀት እናውቀዋለን።

እንግዲህ ነጋዴው አማካሪ ሁን በተባለ ጊዜ በተግባር ምን ያድርግ? ከደረሰብኝ ውድቀትና ከዚያም በኋላ ከተማርሁት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ እሺ ከማለቱ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ተቀብሎ ያንብብ። ደንቡን አንብቦ የማያውቅ አማካሪ በደንቡ ላይ ሌላ ደንብ ሆኖ ይቆማል። ካነበበም በኋላ ሥራው ምን እንደ ሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ በጠቅላላ ጉባኤው እንዲጸድቅ ይጠይቅ። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ይበቃል። ማለቂያ የሌለው አማካሪነት ወደ ርስትነት ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ አይያዝ፤ ቼክ አይፈርም፤ ማኅተም በኪሱ አይክተት። ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ሒሳብ ጸሐፊው ሌላ፣ ፈራሚዎቹ ሁለት ወይም ሦስት እንዲሆኑ ይምከር። ከዚያም በየወሩ መጨረሻ አጠገባቸው ተቀምጦ ደረሰኙን ከመዝገቡ፣ መዝገቡን ከባንኩ ሒሳብ ጋር ሲያስተያዩ ይመልከት። ሲሳሳቱ ብዕሩን ከእጃቸው አይንጠቅ፤ «ይህ ደረሰኝ የት ተመዘገበ?» ብሎ ይጠይቅ። በገዛ እጁ ያረመውን ስሕተት ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

ሦስተኛ፣ በስብሰባ ላይ ከሰብሳቢው ጎን አይቀመጥ። ከኋላ ይቀመጥ፤ ሲጠየቅ ይናገር፤ ቢቻል መጨረሻ ይናገር። በአገራችን ልማድ ወጣቱ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ተቃራኒ ሐሳብ ማንሣት ነውር መስሎ ስለሚታየው፣ የአማካሪው ቀድሞ መናገር ጉባኤውን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አማካሪው አክብሮቱን ተገን አድርጎ የሰውን ሐሳብ ማፈን የለበትም።

አራተኛው ነገር ለእኛ ለነጋዴዎች ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው፤ እርሱም የጥቅም ነገር ነው። የንብ አርቢዎች ማኅበር አማካሪ የሆነው ሰው ማር ገዢ ከሆነ፣ የዘጌ ቡና አምራቾች አማካሪ ቡና ነጋዴ ከሆነ፣ የአስጋሪዎች አማካሪ መረብ አስመጪ ከሆነ፣ ምክሩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይታመንም። ዋጋው ዝቅ ሲል «አማካሪያችን ሸጠን» ይባላል። ስለዚህ ከማኅበሩ ጋር መነገድ የሚፈልግ ሰው ነጋዴ ሆኖ ይምጣ፤ መምከር የሚፈልግ አማካሪ ሆኖ ይምጣ፤ ሁለቱን በአንድ ካባ አይሸፍን። ሁለቱንም ሳይሆን ሊቀር የማይችል ከሆነ ግን ጥቅሙን በጉባኤው ፊት አስቀድሞ ይናገር፤ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብለት፤ ስለዚያ ጉዳይ ሲወሰንም ከክፍሉ ይውጣ። በዚህ ረገድ የሚጠፋው ትንሽ ትርፍ ነው፤ የሚተርፈው ስም ነው።

አምስተኛ፣ ዝምታም ልክ አለው። አባላቱ ሕግን የሚጥስ፣ የሰውን ገንዘብ የሚያጠፋ ወይም ደካማውን አባል የሚበድል ነገር ለማድረግ የተነሡ እንደ ሆነ፣ አማካሪው «ሳልጠየቅ አልናገርም» ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። በዚያን ጊዜ በግልጽ ይናገር፤ ካልሰሙትም ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍለት ይጠይቅና ከአማካሪነቱ ይሰናበት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ቂም ለመያዝ የተነገረ አይደለም፤ መካሪ ድርሻውን ከፈጸመ በኋላ ውሳኔው የባለቤቱ መሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

የተማሪዎች ማኅበር አማካሪ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። የነጋዴ ወይም የገበሬ ማኅበር አባላት ለብዙ ዓመት አብረው ይኖራሉ፤ ተማሪ ግን ተመርቆ ይሄዳል። በባሕር ዳር ከፍተኛ ትምህርት በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒክ ተቋሙ ከተከፈተ ጀምሮ የቆየ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ስንት የተማሪ ክበብ ተመሥርቶ፣ መሥራቾቹ በተመረቁበት ሐምሌ አብሮ እንደ ጠፋ የሚቈጥረው የለም። በዚህ ምክንያት አማካሪው ብቻውን የማኅበሩ ትዝታ ሆኖ ይቀራል፤ «አምና እንዲህ ተደርጎ ነበር» የሚለው እርሱ ብቻ ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ የርክክብ መዝገብ ነው። የሚወጣው ሊቀ መንበር ለሚገባው የሚያስረክበው የንብረት ዝርዝር፣ የዕዳና የተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ያልተፈጸመ ውል፣ እንዲሁም «በዚህ ተሳስተናል፣ እናንተ አትሳሳቱ» የሚል አንድ ገጽ ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ርክክቡም ከምረቃው ወር አስቀድሞ፣ አሮጌዎቹና አዲሶቹ አብረው ጥቂት ሳምንት በሚሠሩበት ጊዜ ይፈጸም። ሱቁን ለልጁ ያወረሰ ነጋዴ የዕቃ ቈጠራን ጥቅም ስለሚያውቅ፣ ይህን ለማስተማር ከእርሱ የተሻለ ሰው አይገኝም።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ፣ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ገንዘቡን ያጠፉት እንደ ሆነስ? ቁልፉን ሰጥቼ ቢሰረቅ ሰው የሚወቅሰው ማንን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ቁልፉን የያዝሁት ይህንኑ ፈርቼ ነበር። መልሴ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ንግድ የተማርነው ከስረን ነው። መጥፎ ዕቃ ገዝተን፣ ለማይከፍል ሰው አበድረን፣ በክረምት የጨው ጆንያ ከዝናብ ሥር አሳድረን ነው የተማርነው። ያን ጊዜ አባቶቻችን ሱቁን አልዘጉብንም፤ የሰጡን ገንዘብ ግን ብንከስረው ቤታቸውን የማያፈርስ ልክ ያለው ነበረ። እንግዲህ የአማካሪው ጥበብ ኪሳራን ፈጽሞ መከልከል ሳይሆን፣ ኪሳራው ማኅበሩን የማይገድል መጠን ያለው እንዲሆን መምከር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚገዛው ዕቃ ትንሽ ይሁን፤ ብድሩ ቀርቶ በመዋጮ ይጀመር፤ በካዝና ውስጥ የሚያድረው ገንዘብ ልክ ይኑረው፣ የቀረው በባንክ ይቀመጥ። በዚህ መንገድ ቁልፉ ቢጠፋ እንኳ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ቁልፉ በአማካሪው ኪስ ውስጥ ሲሆን ግን የሚጠፋው ማኅበሩ ራሱ መሆኑን እኔ አይቻለሁ።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ ራሳችን ቤት መመለስ ይገባል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገራችን ንግድ ምክር ቤቶች ብዙ ዘመን አይተዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341ም የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን በአባላት የሚመሩ አድርጎ አቋቁሟቸዋል። እንግዲህ እኛም የአባላት ማኅበር ነን። በጠቅላላ ጉባኤያችን ቀን ስንቶቻችን እንገኛለን? የቀረበልንን የሒሳብ መግለጫ አንብበን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ጽሕፈት ቤቱ ያሰበውን አጨብጭበን አጽድቀን የምንወጣ ከሆነ፣ ከእነዚያ 14 ወጣቶች የምንለየው በዕድሜ ብቻ ነው። ሌላውን ማኅበር ራሱን እንዲችል የሚመክር ሰው በራሱ ማኅበር ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ መሆን የለበትም።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለማኅበራት አማካሪ ለመሆን ፈቃደኛ የሆኑ ነጋዴዎች ስማቸውንና የሚያውቁትን የሥራ ዘርፍ በምክር ቤቱ ያስመዝግቡ፤ ሒሳብ የሚያውቀው ለሒሳብ፣ ኤክስፖርት የሚያውቀው ለኤክስፖርት፣ የዕቃ አያያዝ የሚያውቀው ለመጋዘን ይመደብ። ምክር ቤቱም ከላይ የተዘረዘሩትን የሚመስል አንድ ገጽ የአማካሪነት ውል ያዘጋጅ። በውሉም ውስጥ የአማካሪነቱ ዘመን፣ ገንዘብ አለመያዙና ጥቅሙን መግለጡ ይጻፍ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ወረቀትና ቅን ልቡና ይበቃዋል።

ከማር ወጣቶቹ መካከል ስድስቱ በኋላ ተመልሰው በአዲስ ደንብ ተደራጅተዋል። በዚህ ጊዜ አማካሪያቸው እንድሆን ሲጠይቁኝ ለአንድ ዓመት ብቻ እሺ አልኋቸው። ዓመቱ ሲሞላ ለመሰናበት ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። ያችው ጸሐፊ የነበረችው ልጅ፣ አሁን ሊቀ መንበር ሆና፣ በስልክ ከገዢ ጋር በዋጋ እየተከራከረች ነበርና ቀና ብላ በእጇ ወንበር አሳየችኝ፤ ክርክሯንም ሳትጨርስ ስልኩን አልዘጋችም። ከኋላ ተቀምጬ ጠበቅኋት። በአማካሪነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም።